ቶዮታ ፕሪየስ ከ286,000 ማይል በኋላ፦ የባትሪው ስጋትና እውነቱ

በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያዋ ባሉት የቨርጂንያና የሜሪላንድ ከተሞች በሹፍርና ከምንተዳደር ኢትዮጵያውያን መካከል ቶዮታ ፕሪየስ ያልነዳ ወይም «ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ» ብሎ ያላመነታ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ያገለገለ ፕሪየስ ለመግዛት ያሰበ ሰው ነባር ባለቤቶችን አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ነዳጅ ቁጠባው አይደለም፤ እሱን ሁሉም ያውቀዋል። የሚጠይቀው «ባትሪው የሞተብኝ ዕለት ምን ይውጠኛል?» ብሎ ነው። እኔም በ2014 ጸደይ የ2012 ሞዴሉን ስገዛ እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው ጥያቄ ነበር። መኪናዋ ያኔ 38,000 ማይል ሄዳለች፤ ዛሬ 286,000 ላይ ደርሳለች። ፕሪየስ በቤንዚንና በኤሌክትሪክ አብሮ የሚሠራ ሃይብሪድ መኪና ነው፤ በእነዚህ ዓመታት የሃይብሪድ ባትሪዋ አንድ ጊዜ ሞቷል፤ ከተጠገነ በኋላ ደግሞ ተበላሽቷል፤ በመጨረሻም ሙሉ በሙሉ በአዲስ ተተክቷል። ስለዚህ ጥያቄውን ከወሬ ሳይሆን ከራሴ ደረሰኞችና ከራሴ እጅ ሥራ ተነሥቼ ልመልሰው እችላለሁ።

በቅድሚያ የምናወራው ስለየትኛው ባትሪ እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ያለ ምክንያት የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። ከ2010 እስከ 2015 ሞዴል በሆነው በሦስተኛው ትውልድ ፕሪየስ ላይ ሁለት ባትሪዎች አሉ። አንደኛው ከኋላ በዕቃ መጫኛው በስተቀኝ ጥግ የተቀመጠው ተራው ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሲሆን ሥራው ኮምፒውተሮቹንና መብራቶቹን ማንቃት ነው። ሁለተኛው ከኋላ መቀመጫው በስተጀርባ በብረት ሳጥን ውስጥ የታሸገው ዋናው የሃይብሪድ ባትሪ ነው። ይህ ባትሪ ሞጁል ከሚባሉ 28 ትንንሽ ባትሪዎች የተሠራ ነው፤ እያንዳንዱ ሞጁል 7.2 ቮልት ይሰጣል፤ በተከታታይ ሲያያዙ በድምሩ 201.6 ቮልት ይሆናሉ። ዓይነቱም ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ የሚባለው ነው። ከ2016 ሞዴል ጀምሮ በብዙዎቹ ላይ ሊቲየም ባትሪ ስለገባ እዚህ የምጽፈው ሁሉ ለእነሱ እንዳለ አይሠራም።

ይህ ባትሪ እንደ ስልክ ባትሪ እስከ አፉ አይሞላም፤ እስከ ታችም አይሟጠጥም። የመኪናው ኮምፒውተር ክፍያውን ከ40 እስከ 80 በመቶ ባለው ወሰን ውስጥ ይይዘዋል፤ በአብዛኛውም ወደ 60 በመቶ ገደማ ያቆየዋል። ዕድሜው የሚረዝመውም በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ አንድ ሰው «የሁለት ዓመት ስልኬ ባትሪ ከደከመ የዐሥር ዓመት መኪና እንዴት ይሆናል?» ብሎ ቢያስብ ንጽጽሩ ትክክል አይደለም። የዚህ ባትሪ ዋና ጠላት ሙቀት ነው፤ ወደዚህ ነጥብ እመለስበታለሁ፤ እኔ ገንዘቤን የከፈልሁበት ትምህርት እዚያ ነውና።

ከባትሪው ውጪ ያለውን አካሏን ስመዝን ለሥራ ከዚህች መኪና የተሻለ ነድቻለሁ ብዬ አላምንም። አገር ቤት ሳለሁ ሹፌርም ሆነ መካኒክ መኪና ቆመብኝ ሲል አስቀድሞ የሚጠረጥረው ሞተሪኖውን፣ ዲናሞውን፣ ቺንጊያውን ወይም ፍሪሲዮኑን ነበር። በዚህች መኪና ላይ ከእነዚህ አንዳቸውም የሉም። የቤንዚን ሞተሩን የሚያስነሡትና ባትሪውን የሚሞሉት ሁለቱ የኤሌክትሪክ ሞተሮች ናቸው፤ የማቀዝቀዣ ውኃው ፓምፕ ሳይቀር በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው። ካምቢዮውም ቢሆን ማርሽ የሚቀያይር ሳይሆን ሁለቱን የኤሌክትሪክ ሞተሮችና የቤንዚን ሞተሩን በአንድ የጥርሶች ስብስብ የሚያገናኝ በመሆኑ ከዘይት ቅያሪ በቀር ምንም አልጠየቀኝም። ፍሬን ሲያዝ መኪናዋን አስቀድሞ የሚያዘገየው የኤሌክትሪክ ሞተሩ ነው፤ በዚያው ባትሪውን ይሞላል። የፊት የፍሬን ሸራዎቹን ለመጀመሪያ ጊዜ የቀየርሁት 132,000 ማይል ላይ ነበር።

ነዳጁን በተመለከተ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ለዚህ ሞዴል ያወጣው ቁጥር በከተማ 51፣ በአውራ ጎዳና 48 ማይል በጋሎን ነው። እኔ ዓመቱን ሙሉ መዝግቤ ያገኘሁት አማካይ 46 ነው፤ በጥርና በየካቲት ብርድ ወደ 41 ይወርዳል። ከዚህ በፊት የምነዳት መኪና 25 ብቻ ትሰጠኝ ነበር።

አሁን ወደ ባትሪው ልግባ። በነሐሴ 2019 መኪናዋ 171,000 ማይል ላይ ሳለች ከደለስ ኤርፖርት መንገደኛ ጭኜ ወደ ዲሲ ስመጣ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት በራ፤ ሥሩም ሃይብሪድ ሲስተሙን አስፈትሽ የሚል ጽሑፍ መጣ። መኪናዋ አልቆመችም፤ ኃይሏ ግን ወረደ፤ ዳገት ላይ ስታቃስት ተሰማኝ። መንገደኛዬን ካደረስሁ በኋላ በቀኝ መስመር ቀስ ብዬ ቤቴ ገባሁ። በማግስቱ ኮምፒውተሯ የመዘገበው የብልሽት ኮድ ሲነበብ ፒ0ኤ80 ሆነ፤ ትርጉሙም የሃይብሪድ ባትሪው ይቀየር ማለት ነው።

ይህ ድንገት የመጣ አልነበረም። ከዚያ በፊት ለሳምንታት ከኋላ መቀመጫው በስተቀኝ እንደ ፀጉር ማድረቂያ የሚጮኽ ድምፅ ይሰማኝ ነበር፤ ኤሲው መስሎኝ ሬዲዮውን ከፍ አድርጌ አለፍሁት። በዳሽቦርዱ ላይ የባትሪውን መጠን የሚያሳዩት መስመሮችም አንድ ዳገት በወጣሁ ቁጥር ከላይ ወደ ታች ይወርዱ፣ ቁልቁለት ላይ ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ተመልሰው ይሞሉ ነበር። ጤነኛ ባትሪ እንዲህ አይዋዥቅም፤ ቶሎ የሚሞላና ቶሎ የሚያልቅ ባትሪ የመያዝ አቅሙ ያነሰ ባትሪ ነው። ቀይ የትራፊክ መብራት ይዞኝ ስቆም እንኳ የቤንዚን ሞተሩ ሳይጠፋ መቆየት ጀምሮ ነበር። እነዚህን ሦስት ምልክቶች አብረው ያየ ሰው ቀይ ምልክቱ እስኪበራ መጠበቅ የለበትም።

ጩኸቱ የባትሪው ማቀዝቀዣ ቬንቲላተር ነበር። ይህ ባትሪ የሚቀዘቅዘው በውኃ አይደለም፤ ከመኪናው ውስጥ አየር እየሳበ ነው፤ አየሩ የሚገባበት ቀዳዳም ከኋላ መቀመጫው በስተቀኝ ጎን በፕላስቲክ ወንፊት ተሸፍኖ ይገኛል። ቬንቲላተሩን ፈትተን ስናወጣው ክንፎቹ አይታዩም ነበር፤ ከተሳፋሪ ካፖርት፣ ከምንጣፍና ከመንገድ አቧራ የተጠራቀመው ብናኝ እንደ ተባዘተ ጥጥ ተደራርቦ፣ በጣት ሲነካ እንደ ብርድ ልብስ በአንድነት ተላቀቀ። አምስት ዓመት ሙሉ ዘይት በሰዓቱ ቀይሬያለሁ፤ ይህችን ወንፊት ግን አንድም ቀን ከፍቼ አላየሁም። በዚያ ላይ ሻንጣ ሲበዛ የኋላ መቀመጫው ጥግ ላይ አስደግፈው ነበር፤ ይህም ማለት ባትሪው የሚተነፍስበትን አፍንጫ መድፈን ነው። በበጋ ኤርፖርት ተራ ስንጠብቅ ነዳጅ ለመቆጠብ ኤሲ አጥፍቶ መቀመጥም ሌላው ጥፋት ነው፤ ባትሪው የሚስበው አየር እኛ የምንተነፍሰው ያው አየር በመሆኑ መኪናው ውስጥ ሲግል ባትሪውም አብሮ ይግላል።

ቀጥሎ ያደረግሁት ውሳኔ ስሕተት ነበር፤ ሌላ ሰው እንዳይደግመው በዝርዝር ልግለጸው። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ጋራዥ «ሙሉ ባትሪ መቀየር አያስፈልግም፤ የሞተውን ሞጁል ብቻ እንለውጣለን» አለኝ፤ ዋጋውም 700 ዶላር ሲሆን የስድስት ወር ዋስትና አለው። መካኒኩ ሳጥኑን ከፍቶ በቴስተር አንድ በአንድ ሲለካ አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ። 27ቱ ሞጁሎች 7.8 ቮልት አካባቢ አነበቡ፤ አንዱ ግን 6.6 ነበር። እያንዳንዱ ሞጁል በውስጡ 1.2 ቮልት የሚሰጡ ስድስት ሴሎች ስላሉት ያ የጎደለው 1.2 ቮልት አንድ ሴል ሙሉ በሙሉ መሞቱን ያሳያል። ሞጁሉ በሌላ ያገለገለ ሞጁል ተተካ፤ ቀይ ምልክቱ ጠፋ፤ እኔም ተገላገልሁ ብዬ ሥራዬን ቀጠልሁ።

ከሰባት ወር በኋላ፣ በመጋቢት 2020፣ ያው ኮድ ተመልሶ መጣ። ዋስትናው በአንድ ወር አልፏል። በዚህ ጊዜ የወደቀው ሌላ ሞጁል ነበር፤ ይህ ደግሞ የሚጠበቅ ነው። 28ቱ ሞጁሎች በአንድ ዓመት የተሠሩ፣ በአንድ ሙቀት የተጎዱና በተከታታይ የተያያዙ በመሆናቸው አንዱ ሲወድቅ የቀሩት በመንገድ ላይ ናቸው። የተተካው ሞጁል አቅም ከሌሎቹ ጋር ካልተመጣጠነ ደግሞ ቀድሞ ይሞላል ወይም ቀድሞ ያልቃል፤ ልዩነቱ በየቀኑ እየሰፋ ይሄዳል። ያረጀ ግድግዳ ላይ አንድ አዲስ ድንጋይ መሰካት እንደማለት ነው። መኪናውን በቅርቡ ሊሸጥ ያሰበ ሰው ይህን ጥገና ቢመርጥ ምክንያቱ ይገባኛል፤ ለሚገዛው ሰው ግን ችግሩን አሸጋግሮ መስጠት ስለሆነ ትክክል ነው ብዬ አላምንም። በመኪናው ለሚተዳደር ሹፌር ደግሞ እያንዳንዱ ብልሽት የሥራ ቀን የሚያስከፍል በመሆኑ 700 ዶላሩ በመጨረሻ 700 ብቻ አይሆንም።

ስለዚህ ምርጫዎቹን በደንብ ማየት ያስፈልጋል። ከተጋጨ መኪና የወጣ ያገለገለ ባትሪ ርካሽ ነው፤ ዕድሜውን ግን ሻጩም አያውቀውም፤ የሚገዛው የሌላ ሰው ሙቀትና የሌላ ሰው አቧራ ነው። ታድሶ የሚሸጠው ባትሪ ሞጁሎቹ ተለክተው፣ ተሞልተውና ተመጣጥነው የተሰባሰቡ ከሆነ ከአንድ ሞጁል ቅያሪ ይሻላል፤ ሞጁሎቹ ግን አሁንም አሮጌ ናቸው። ከሌሎች አምራቾች በአዲስ ሴል የተሠሩ ባትሪዎችም ገበያ ላይ አሉ፤ ጥራታቸው እንደ አምራቹ ይለያያል። እኔ በመጨረሻ ከአከፋፋዩ የፋብሪካውን አዲስ ባትሪ አስገባሁ፤ የሠራተኛ ዋጋን ጨምሮ 2,650 ዶላር ከፈልሁ፤ አሮጌውን ባትሪ ስለሚረከቡ ለእሱ የተያዘው ተቀማጭ ተመለሰልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ 103,000 ማይል ነድቻለሁ፤ ቀይ ምልክቱን ዳግም አላየሁትም።

2,650 ዶላር በአንድ ቀን ሲወጣ ያማል። ነገር ግን ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ በዓመት 25,000 ማይል የሚነዳ ሰው በአሮጌዋ መኪናዬ 1,000 ጋሎን ያስፈልገው ነበር፤ በፕሪየሷ 543 ጋሎን ይበቃዋል። አንድ ጋሎን በሦስት ዶላር ቢታሰብ በዓመት 1,370 ዶላር ገደማ ይተርፋል። አዲሱ ባትሪ ሁለት ዓመት ሳይሞላው የራሱን ዋጋ መለሰ ማለት ነው፤ ያውም ከብልሽቱ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት የተረፈኝን ሳልጨምር። በዓመት ከ6,000 ማይል በታች ለሚነዳ፣ ቤተ ክርስቲያንና ገበያ ብቻ ለሚሄድ ሰው ግን ሒሳቡ ይህን ያህል አያዋጣም፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ያረጀ ሃይብሪድ ከመግዛት ጥሩ የተያዘ ተራ ኮሮላ መግዛት የተሻለ ይመስለኛል።

ዋስትናን በተመለከተ ቶዮታ ለዚህ ሞዴል የሃይብሪድ ክፍሎች የሰጠው 8 ዓመት ወይም 100,000 ማይል ነው፤ ቀድሞ የሞላው ይቆጠራል። የካሊፎርኒያን የአየር ብክለት ደንብ በተቀበሉ ግዛቶች፣ ሜሪላንድን ጨምሮ፣ ባትሪው 10 ዓመት ወይም 150,000 ማይል ይሸፈናል። ከ2020 ሞዴል ጀምሮ ደግሞ ኩባንያው በአገሪቱ ሁሉ የባትሪውን ዋስትና 10 ዓመትና 150,000 ማይል አድርጎታል። የእኛ ሥራ ማይሉን ቶሎ ስለሚያስቆጥር ዓመቱ ሳይደርስ ዋስትናው ያልቅብናል፤ የእኔ በሁለቱም ሒሳብ አልፎ ነበር። ያም ሆኖ 2020 ወይም ከዚያ ወዲህ የተሠራ የሚገዛ ሰው የቀረውን ዋስትና ከመኪናው ዋጋ ጋር አብሮ ቢያስበው ይጠቅመዋል።

በዚያው በ2020 ሌላም ነገር ተማርሁ። በወረርሽኙ ምክንያት መንገደኛ ጠፍቶ መኪናዋ ለአምስት ሳምንት ቆመች፤ አንድ ጠዋት ቁልፉን ስጫን ዳሽቦርዱ ላይ መብራቶች ተርገበገቡ፤ ለመንዳት ዝግጁ መሆኗን የሚገልጸው «ሬዲ» የሚል ጽሑፍ ግን አልመጣም። አዲሱ ባትሪ የሞተ መስሎኝ ልቤ ደነገጠ። በሥራው የሚቀድመኝና ሁላችንም ጋሼ የምንለው ሰው በስልክ «ወንድሜ፣ አትደንግጥ፤ መጀመሪያ ትንሹን ለካው» አለኝ። ትንሹ ባለ 12 ቮልት ባትሪ 9 ቮልት ላይ ወርዶ ነበር። ይህች መኪና ሞተሯን የምታስነሣው በዋናው ባትሪ ቢሆንም ዋናውን ባትሪ የምታገናኘው በትንሹ ኃይል ስለሆነ ትንሹ ሲደክም መላዋ ትተኛለች፤ አንዳንዴም ግራ የሚያጋቡ የማስጠንቀቂያ መብራቶችን ታበራለች። ስለዚህ ማንም ስለ ዋናው ባትሪ ቅያሪ ቢያወራ አስቀድሞ ትንሹን ማስለካት ተገቢ ነው። መኪናው ለረጅም ጊዜ የሚቆም ከሆነም በየሳምንቱ «ሬዲ» ላይ አድርጎ ግማሽ ሰዓት ያህል ማቆየት ሁለቱንም ባትሪዎች ይጠቅማል። ተራ ስንጠብቅ ማርሹን ኤን (ባዶ ማርሽ) ላይ አድርጎ መቆም ግን ልማድ መሆን የለበትም፤ በኤን ጊዜ ዋናው ባትሪ አይሞላም፤ ፒ ላይ ማድረግ ነው።

ስለዚህ ሞዴል ሳይነገር መታለፍ የሌለበት አንድ ነገር ከባትሪው ጋር አይያያዝም። በሦስተኛው ትውልድ ሞተር ላይ የጭስ መመለሻው መስመር በጥላሸት እየተደፈነ ሲሄድ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (የሞተሩ አናት ማሸጊያ) ሊቃጠል እንደሚችል በባለቤቶቹና በመካኒኮቹ ዘንድ የታወቀ ነው፤ ይህ ጥገና ከባትሪው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። እኔ የጭስ መመለሻውን መስመር በ120,000 ማይል አንድ ጊዜ፣ በ215,000 ደግሞ ሌላ ጊዜ አስፈትቼ አሳጥቤዋለሁ። ጠዋት ሲነሣ የሚንገጫገጭ ወይም ውኃው ያለ ምክንያት የሚጎድልበትን ፕሪየስ ባትሪው ምንም ያህል ደኅና ቢሆን አልገዛም። ከሥር ያለው የጭስ ማጣሪያም ሌባ የሚፈልገው ዕቃ በመሆኑ መከላከያ ብረት አስገጥሜያለሁ።

ልትገዙ ለምታስቡ የማቀርበው ምክር አጭር ነው። ባትሪውን ሳታስፈትሹ አትግዙ፤ ኮዱን በሚያነብ ትንሽ መሣሪያና ዶክተር ፕሪየስ በሚባለው የስልክ መተግበሪያ አማካይነት ራሳችሁም ልትመለከቱት ትችላላችሁ። ኮምፒውተሩ 28ቱን ሞጁሎች ሁለት ሁለት አድርጎ በ14 ምድብ ያነባቸዋል፤ መኪናው ዳገት ሲወጣ በትልቁና በትንሹ ምድብ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ቮልት ከተጠጋ ባትሪው እየሄደ ነው። ሻጩ «ባትሪው ተቀይሯል» ካለ አዲስ ነው፣ ታድሷል ወይስ አንድ ሞጁል ብቻ ነው የተቀየረው ብላችሁ ደረሰኙን ጠይቁ። ባትሪው ያልተቀየረና ከ150,000 ማይል በላይ የሄደ ከሆነ የአዲስ ባትሪ ዋጋ እንዳለባችሁ ቆጥራችሁ ተደራደሩ። ወንፊቷንና ቬንቲላተሯን በዓመት አንድ ጊዜ ማጽዳት ማንም በእጁ ሊሠራው የሚችል ሥራ ነው፤ የባትሪውን ሳጥን መክፈት ግን አይደለም። ብርቱካናማ ቀለም ያላቸው ሽቦዎች ከ200 ቮልት በላይ ይሸከማሉ፤ ሰው ይገድላሉ፤ የሙያው ሰው ያልሆነ አይንካቸው።

ባለፈው መስከረም ቬንቲላተሩን ፈትቼ ሳጸዳ ያገኘሁት ቀጭን አቧራ ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ዳገት ላይ ስፈትሻት በ14ቱ ምድቦች መካከል ያየሁት ትልቁ ልዩነት 0.3 ቮልት ነው። ልጄ በመጪው ዓመት መንጃ ፈቃድ ስታወጣ መኪናዋን ለእሷ ልሰጣት አስቤያለሁ፤ ለሥራዬም የምፈልገው 2020 ወይም ከዚያ ወዲህ የተሠራ ሌላ ፕሪየስ ነው።